ጋዝ ሙላልኝ

ሰው በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በጓደኛው መኪና ይቀናል። አምሐ የቀናው በጄኔሬተር ነው። ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ እሱ ግን አይስቅም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱን ዓለምፀሐይን ከጎኑ አስቀምጦ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ሲነዳ፣ እሷ ስለ ጄኔሬተር ታወራለች፣ እሱ መሪውን የሰው አንገት ይመስል ጨምድዶ ይይዛል።

«የደሴው ሰውዬ ሁለት መቶ ኬቪኤ ጉልበት ያለው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለኝ» አለች ዓለምፀሐይ። «ለዳቦ ቤት ሁለት መቶ ምን ያደርግልሃል? አልኩት። ሰማንያ ይበቃሃል፣ ትርፉ ናፍጣ ማቃጠል ነው አልኩት። ኤርሚ ሰምቶኝ በሳቅ ሞተ። ‹ዓለምዬ፣ አንቺማ ከኔ በለጥሽ› አለኝ።»

«ዓለምዬ አለሽ?»

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

ይቺ «ዬ» የምትባል ቅጥያ በአማርኛ ለድመትም ትቀጠላለች። የባንክ ዘበኛ ለማያውቃት ሴት «እህትዬ» ይላል፣ ማንም ባል ተነስቶ ጎራዴ አይመዝም። አምሐ ይህን ያውቃል። ማወቅ ግን የቅናት መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።

ዓለምፀሐይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኤል ሴሪቶ ከተማ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ነው ሥራው። ማታ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ትዘረራለች፤ አምሐ ቢያዋራት «እህ» እና «አይ» ነው መልሷ። ቅዳሜ የአምሐ ጓደኛ ኤርምያስ የጄኔሬተር ንግድ ቤት ውላ ስትመለስ ግን አፏ አይከደንም። ከአገር ቤት የሚደውሉትን ደንበኞች ስልክ የምታነሳው እሷ ናት። ጅማ መብራት ሄደ፣ ሐዋሳ መብራት መጣና ፍሪጅ አቃጠለ፣ ወልድያ ወፍጮ ቆመ፤ የአገሩን ጨለማ በሙሉ ከነዝርዝሩ ይዛ ትገባለች፣ ያውም ፊቷ በርቶ። አምስቱን ቀን ድካሟ ለእሱ ይደርሰዋል፣ ስድስተኛውን ቀን ሳቋ ለኤርምያስ። አንጀቱን የሚያሳርረው ይሄ ነበር።

የባሰው ነገር ደግሞ የዚህ ሁሉ መነሻ ራሱ አምሐ መሆኑ ነው። እሱና ኤርምያስ ሁለቱም የኤርፖርት ሻትል ነጂዎች ነበሩ። አምሐ እስካሁንም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የፕሌዘንተን ተሳፋሪ በስልክ ሲነጫነጭ ሰማ። ሰውዬው የሚሠራበት ሕንጻ ጀርባ አንድ ትልቅ የናፍጣ ጄኔሬተር አለ፤ መብራት ቢጠፋ ተብሎ የተቀመጠ ነው፣ መብራቱ ግን አልጠፋ ብሎ ማሽኑ ሳይሠራ አረጀ፤ አሁን በአዲስ ይቀየር ተብሏል፣ አሮጌውን የሚያነሳ ጠፋ። አምሐ ይህን ለኤርምያስ እንደ ቀልድ አወራለት።

ኤርምያስ አልሳቀም። «አብረን እንግባበት» አለው። «እኛ አገር ይሄን ሲጠብቅ የሚያድር ስንት ሰው አለ።»

«በወገኔ ጨለማ አልነግድም» አለ አምሐ።

እንዴት ያለ ያማረ ቃል ነው! ሲናገረው ደረቱ ተነፍቶ ነበር። ኤርምያስ ግን ነገደበት። ዛሬ ሳን ሆዜ ውስጥ የታጠረ ያርድ አለው፤ ከየቢሮው ጀርባ የተነሱ ማሽኖች እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ይጠገናሉ፣ ለአገር ቤት መብራት እንዲስማሙ ይስተካከላሉ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ገብተው ጅቡቲ ይወርዳሉ። ክሊኒኩም፣ ሆቴሉም፣ ዳቦ ቤቱም፣ የውሃ ፓምፑም ጄኔሬተር ጄኔሬተር ይላል። እዚያ መብራት ሲጠፋ እዚህ የኤርምያስ ስልክ ይጮሃል። ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ሳይቀር «ኤርምያስኮ ለስንቱ ብርሃን ሆነ» ይባላል። አምሐ ይህን ሲሰማ «እግዚአብሔር ይስጠው» ይላል፤ አፉ ነው የሚለው እንጂ ጨጓራው ሌላ ነው የሚለው። መንፈሳዊ ቅናት የሚባል ነገር አለ እያለም ራሱን ያጽናናል። መንፈሳዊ ቅናት ግን የሚስትን ስልክ ተደብቆ አያስፈትሽም።

ያን ቅዳሜ አንድ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ጋሼ ጉዲና ይባላሉ፤ በመቱ አቅራቢያ አነስተኛ የማዋለጃ ክሊኒክ የከፈቱ ጡረተኛ ጤና መኮንን ናቸው። ፕሌዘንተን ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው፣ ማሽኑ ሲነሳ በዓይኔ ካላየሁ አልገዛም ብለዋል።

አምሐ ዓለምፀሐይን ያርዱ በር ላይ ሲያወርዳት ኤርምያስ ወጣና መስኮቱን ተደገፈ። «አምሐዬ፣ ፕሊስ፣ ጋሼን ፕሌዘንተን ሄደህ ፒክ አድርግልኝ። እኔ ማሽኑን ሬዲ ላድርገው።» እምቢ ማለት ይቻል ነበር። እምቢ ቢል ግን ዓለምፀሐይ «ምን ሆነህ ነው?» ትለዋለች። ሄደ።

ሽማግሌው መኪና ውስጥ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መንገዱን፣ ኮረብታውን፣ የመኪናውን ብዛት ካደነቁ በኋላ ወደ አምሐ ዞሩ። ከዚያ ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«ባለፈው ክረምት ሁለት እናቶች አንድ ላይ መጡብን፣ ልጄ። መብራት ሄደ። ነርሷ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ፣ በስልክ መብራት አዋለደቻቸው። አንዱ ሕፃን ተረፈ።»

«አንዱ?» አለ አምሐ።

«አንዱ። ሌላው ትንፋሽ አጥሮት ነበር፤ የምንረዳበት መሣሪያ ያለመብራት አይሠራም።»

አምሐ አዘነ። ልቡ ድንጋይ አልነበረም፣ ይህን ልመስክርለት። «እግዜር ያጽናዎት» አለ፣ ከልቡ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። «አጽናንቶናል። ኤርምያስን አስነስቶልናል። የተባረከ ልጅ ነው፤ እሱ ባይኖር ማን ይደርስልን ነበር?» የአምሐ ሐዘን እዚያው ላይ ተቆረጠ። የቀረውን መንገድ ሬዲዮ ከፈተ።

ያርዱ ሲደርሱ ማሽኑ መሐል ሜዳው ላይ ታጥቦ ቆሟል። ዓለምፀሐይ ሽማግሌውን ጉልበት ስማ ተቀበለቻቸውና ዙሪያውን እያዞረች ታስጎበኛቸው ጀመር። «ወደ ሃምሳ ኸርዝ ተቀይሯል ጋሼ፣ ለአገር ቤት ልክ ነው። አይጨነቁ፣ ድምፁም ይሄን ያህል አይደለም።» ከሰኞ እስከ ዓርብ ለባሏ እንዲህ ረዘም ያለ ነገር ተናግራ ታውቃለች? ኤርምያስ የነዳጁን መለኪያ አየና ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ቢጫ ጀሪካን አንስቶ ለአምሐ ሰጠው።

«ጋዟ አልቃለች። እስከዚያ እኔ ለጋሼ ሲስተሙን ላሳያቸው፤ ሮጥ በልና ጋዝ ሙላልኝ።»

ጋዝ ስቴሽኑ ከያርዱ ማዶ ነው። አምሐ በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ። ዞር ባይል ኖሮ ይሄ ታሪክ አይኖርም ነበር። ኤርምያስ የጆሮ መከላከያ አንስቶ፣ ማሽኑ ሲነሳ እንዳያደነቁራት፣ የዓለምፀሐይን ፀጉር ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ጆሮዋ ላይ ያደርግላታል። እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች። ለሽማግሌውም ወዲያው እንደዚያው አድርጎላቸዋል፤ ያንን ግን አምሐ አላየም፣ መንገዱን ተሻግሯል።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እዚህ አገር ያለ የኛ ሰው «ጋዝ» ሲል ቤንዚን ማለቱ ነው። ጋዝ ልቅዳ፣ ጋዝ ተወደደ፣ ጋዝ ስቴሽኑ ጋ ጠብቀኝ ይባላል። ኤርምያስም እንደ ሁላችንም ምላሱ ለምዶበት «ጋዝ» ይበል እንጂ ያሰበው ናፍጣ ነው። የናፍጣ ማሽን ሆድ ውስጥ ቤንዚን ጨመርክ ማለት መርዝ አጠጣኸው ማለት ነው። አምሐ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለዓለምፀሐይ «አዲስ አበባ እያለሁ ነዳጅ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነበር የምሠራው» ብሏት ነው ያገባት። ቢሮ የሚባል አልነበረም። ቄራ አካባቢ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ ከኤርምያስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ፣ ለታክሲና ለጭነት መኪና ሲቀዳ ነው ጉርምስናውን የጨረሰው። ዓይኑን ቢሸፍኑት ናፍጣን ከቤንዚን በጠረኑ ይለያል። በመላው ካሊፎርኒያ ይህን የሚያውቅ ኤርምያስ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አምሐ አረንጓዴውን የናፍጣ እጀታ ያዘ። ያዘና ቆመ። የተገፋው ፀጉር ዓይኑ ላይ አለ። አረንጓዴውን መለሰና ጥቁሩን የቤንዚን እጀታ አነሳ።

«ጋዝ ነው ያለኝ» አለ ጮክ ብሎ። ማንም አልጠየቀውም።

የፈለገው ብዙ አልነበረም። ማሽኑ እንግዳው ፊት ይሳል፣ ይንተፋተፍ፣ ይቁም፤ ኤርምያስም አንዲት ቀን እንደ ማንም ሰው ላብ ያጥምቀው። ዓለምፀሐይም ትየው። የስልኩ መብራትና የነርሷ ጥርስ ትዝ አላለው አይደለም፤ ትዝ ብሎታል። «ያርዱ ማሽን ሞልቶታል፣ ሌላ ይልክላቸዋል» አለና ጀሪካኑን ተሸክሞ ተመለሰ። በገዛ እጁ ገለበጠው።

ኤርምያስ ቁልፉን አዞረ። ማሽኑ ተነሳ፤ በቱቦው ውስጥ ቀርታ በነበረችው ናፍጣ ለጥቂት ጊዜ እንደ ልቡ ጮኸ። ኤርምያስ የደረደራቸው አምፖሎች ቦግ አሉ። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ዓለምፀሐይ አጨበጨበች። አምሐ ለራሱ እንኳ ሊናዘዘው በማይፈልገው ጉጉት ጠበቀ። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ ሰው በመዶሻ የሚመታ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፣ ነጭ ጭስ ወጣ፣ አምፖሎቹ ደብዘዝ ብርት አሉ፣ ማሽኑም ተንቀጥቅጦ ቆመ።

ኤርምያስ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። ጣቱን ነክሮ አየ። ቀና ሲል ዓይኑ በቀጥታ አምሐ ላይ ነው ያረፈው፤ ቶሎም አልነሳውም። አምሐ «ጋዝ ነው ያልከኝ» የምትለውን ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ አዘጋጀ። ኤርምያስ ግን ቀደመው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ቤንዚን ነው የገባበት። ጋዝ ሙላልኝ አልኩት፤ ናፍጣ ነበር ማለት የነበረብኝ።»

«ጋዝ?» አሉ ጋሼ ጉዲና የጆሮ መከላከያቸውን እያወለቁ። «ላምባ ሞላችሁበት እንዴ?»

«ላምባ አይደለም ጋሼ። እዚህ አገር ጋዝ የሚባለው ቤንዚን ነው።»

«ቤንዚን ጋዝ ከተባለ፣ ጋዙን ምን ልትሉት ነው?»

ዓለምፀሐይ በሳቅ ፈነዳች። አንዱ ናፍጣ ሲያስብ፣ አንዱ ቤንዚን ሲቀዳ፣ ሽማግሌው ደግሞ ላምባ ሲሰሙ! ሽማግሌውም ተከትለው ሳቁ። ኤርምያስም ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌው «ይድናል ወይ ታዲያ?» ሲሉ ሳቁ ቆመ።

«ይድናል፣ ግን ፓምፑ መውረድ አለበት፣ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮችም እንደዚያው። የፊታችን ሳምንት መርከብ ያመልጠናል ጋሼ። ለአገር ቤት የተስተካከለ ሌላ በእጄ የለም። እርስዎ ጋ እስኪደርስ ፋሲካ ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሼ ጉዲና ማሽኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ የታመመ በሬ እንደሚዳበስ። «እስካሁን ጠብቀናል» አሉ።

ጾም ስለነበረ ኤርምያስ ከማዶው የምግብ መኪና በቂጣ የተጠቀለለ የባቄላ ቡሪቶ አስመጣ፤ ቢሮው ውስጥ ባለችው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ማንም አልተቆጣም። ማንም የጠረጠረ አይመስልም። አምሐ ሻማ ገዝቶ ስለት ማስገባት ነበረበት። ዓለምፀሐይ ግን ባሏ አንገቱን ደፍቶ ስታየው አሳዘናት፤ አፈረ ብላ ነው። እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ በሱ እንዳይፈርዱበት። ቢሮ ውስጥ ነው ያደገው፤ ናፍጣና ቤንዚን የት አይቶ ይለያል? ጎማ እንኳን ሲተነፍስበት ሰው ነው የሚጠራው። የኔ ምስኪን!» ወደ አምሐ ጎንበስ አለች። «ከአሁን በኋላ ግራ ሲገባህ ኤርሚን ጠይቀዋ። ኮል አድርግለት። ምን ያሳፍራል?»

አሁን ልብ በሉልኝ። ዝም ካለ ምስኪን ሆኖ ይቀራል፣ ነገሩም እዚያው ይቀበራል። ከተናገረ ምቀኛ ነው። ብልጥ ሰው ምስኪንነቱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ቡሪቶውን ይበላል። አምሐ ግን ሊያዋርደው የተነሳው ሰው አዋቂ ሆኖ፣ እሱ ራሱ መካር የሚያስፈልገው ሞኝ ሆኖ መቅረቱን መሸከም አቃተው። እጇን ከትከሻው ላይ አራገፈው።

«ኤርሚን? እኔ ኤርሚን ልጠይቅ? እኔ ናፍጣ ከቤንዚን አልለይም? ነይ ዓይኔን ሸፍኚና በጠረኑ ልንገርሽ! ቄራ ማደያ ስቀዳ ነው ያደግኩት። ምንም ቢሮ የለም! እሱን አቀዳዱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው፣ ጠይቂው! ናፍጣ ማለቱ እንደሆነማ አውቃለሁ። አረንጓዴውን ይዤ ነው የመለስኩት። አውቄ ነው!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የአምሐ አፍ ካመለጠ በኋላ ነው ጆሮው የሰማው። ኤርምያስ በሁለት እጁ ፊቱን አሸ።

«ለምን ተናገርከው?» አለ ቀስ ብሎ። «ክዳኑን ስከፍት ገብቶኝ ነበርኮ። አንተ በነዳጅ እንደማትሳሳት ከኔ ወዲያ ማን ያውቃል? ዝም ብዬልህ ነበር።»

ዓለምፀሐይ ስለ ማደያው ምንም አላለችም። ስለ ቢሮውም አልጠየቀችም። ጋሼ ጉዲና የያዙትን ምግብ አስቀምጠው አምሐን ሲያዩት አየችና እሷም አየችው።

«ነግሬህ ነበርኮ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«ምኑን ጋሼ?» አለች ዓለምፀሐይ።

«የሕፃኑን ነገር። በመኪና ስንመጣ ነግሬው ነበር።»

ታሪኩን እሷም ታውቀዋለች። ሽማግሌው መጀመሪያ የደወሉ ቀን ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት፤ በስልክ ወዲያና ወዲህ ሆነው አብረው ነው ያለቀሱት። ወደ ባሏ ዞረች። ድምፇ የኤል ሴሪቶ ማታ ድምፅ ነበር፣ ድካም ብቻ።

«ከመቅዳትህ በፊት ነው የሰማኸው ወይስ በኋላ?»

«ዓለምዬ…»

«በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት።»

አልጮኸችም። ጥፊ ቢሆን ይሻለው ነበር። ተነስታ የሽማግሌውን ካፖርት ከወንበሩ ላይ አነሳችና ትከሻቸው ላይ አደረገች። «ጋሼ፣ ይነሱ፤ እኔና ኤርሚ እናደርስዎታለን። ከዚያ እህቴ ቤት ጣለኝ፣ ኤርሚ።» እስከዛሬ የኤርምያስ መኪና ውስጥ ገብታ አታውቅም። ጠዋት የሚያደርሳት፣ ማታ የሚወስዳት አምሐ ነው፤ አንድ ቅዳሜ እንኳ ለሌላ ሰው ለቆ አያውቅም።

ኤርምያስ ቁልፉን አላነሳም። ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመባት።

«አይሆንም፣ ዓለምፀሐይ። ጋሼን እኔ አደርሳለሁ፣ አንቺ ከባልሽ ጋር ሂጂ።»

«ዛሬ አጠገቡ መቀመጥ አልችልም።»

«ስሚኝማ፣ እህቴ። የተናደደው በኔ ነው። የኔ ጥፋትም አለበት፤ ጓደኛዬ እንደከፋው እያየሁ አንድ ቀን ‹ምን ሆንክ› ብዬ አልጠየቅኩትም። ይሄን አንድ ክፉ ቀን ብቻ አትይ። ኦፕራሲዮን ሆነሽ የተኛሽ ጊዜ ሥራውን ጥሎ ወንበር ላይ ያደረው እሱ ነው። ማንኪያ ይዞ ሾርባ ሲያጎርስሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ እመብርሃን ብለሽ፣ መኪና ውስጥ አታናግሪው፣ ቤትም አታናግሪው፤ ግን አብረሽው ግቢ።» ድምፁን ዝቅ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚለምናት፤ የሽማግሌውንም ክንድ ያዝ አድርጎ አማላጅ ጨመረ።

አምሐ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማ። እግሩ ላይ መውደቅ ነበረበት። ማመስገን፣ ማልቀስ፣ መሬት ተከፍታ እንድትውጠው መለመን ነበረበት። እሱ ግን የሚያየው የዓለምፀሐይን ፊት ነው። ድንጋይ ሆኖ የነበረው ፊቷ ኤርምያስ ሲናገር ቀስ በቀስ እየለዘበ፣ ግንባሯ እየተፈታ፣ ዓይኗ እንባ እየሞላ መጣ። ለእሱ እንዲህ ለዝቦ አያውቅም። አምሐም በገዛ ሚስቱ ፊት ሌላ ሰው ሲለምንለት ቆሞ እያየ፣ «እንዴት አድርጎ ያውቅበታል!» አለና ቀናበት።